ወተቱ ወደ ሆድ፣ ቀለሙ ወደ ሳንባ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ስቱኮ አቀባብ ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ቀለም ርጭት፣ በተለይም ኤርብራሽ ስለምትባለው፣ ቀለምን በአየር ግፊት እንደ ጉም ስለምትረጭ ትንሽ መርጫ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጠያቂዎቹንም ስም ትቼዋለሁ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። በኤርብራሽ የሞተር ሳይክል ታንከር፣ ሄልሜትና ባጃጅ ላይ እሥላለሁ። የምሠራው በማኅበር በተሰጠን ሼድ ውስጥ ነው። ጥጉ የእኔ ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ልጆች የብረት በር ይበይዳሉ። በመስኮቱ በኩል ሁለት እህቶች ልብስ ይሰፋሉ፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ሰሞኑን ሽታው ራሷን እያመማት እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ ሰማያዊውን የሐኪም ማስክ አደርጋለሁ። ማታ ደግሞ ወተት እጠጣለሁ። ኤርብራሽ እኮ ትንሽ ነገር ነው፣ እንደ መኪና ቀለም አይደለም። ለእነሱም ማስክ ልግዛላቸው ወይስ ሌላ መላ አለ? — ኤ. ከሐዋሳ

መልስ፦ ከወተቱ ልጀምር፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ቀለም ቀቢ ሁሉ ሳያነሳው አያልፍምና።

ባትላሜራና ቀለም ቤት ያደግን ሰዎች ወተት ጠጥተን ነው ያደግነው። አለቃችን ከሥራ በኋላ ያስመጣልን ነበር። «ጠጡ፣ ደረታችሁን ያጥብላችሁ» ይላል። ደግ ሰው ነበር። ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። ቀለሙ የገባው በሌላ ቧንቧ፣ ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ መንገዶች ጉሮሮ ላይ ይለያያሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይገናኙም። ወተት ሳንባ ቢገባማ ማነቅ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ወተት ከወደድክ ጠጣ፤ ምግብ ነው። የቀለም ማርከሻ ነው ብለህ ግን አትጠጣ። አንዳንድ አሠሪ ወተት አቅርቦ ማስክ የሚነፍገው ወተት በዋጋ ስለሚረክስ ይመስለኛል።

«ኤርብራሽ ትንሽ ነገር ነው» ያልከው ግማሹ እውነት ነው። የምትረጨው ቀለም መኪና ላይ ከሚረጨው በእጅጉ ያንሳል። ጠብታው ግን በጣም ደቃቅ ነው። ትልልቁ ጠብታ መሬት ይወድቃል፣ ወይ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያነሰው አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ስትተነፍሰውም እስከ ሳንባህ ጫፍ ይዘልቃል። ደግሞ መኪና የሚቀባ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ነው የሚረጨው። አንተ የአንበሳውን ጢም ለመሣል አፍንጫህን ታንከሩ ላይ ደፍተህ ነው የምትሠራው። ሥራህን ጨርሰህ ማስክህን ስታወልቅ ጉሙ ገና ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ አየሩ እስኪጠራ ድረስ ማስኩ አይወልቅም።

ማስክህን በተመለከተ፣ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። በጎንና በጎን ክፍት ነው። ነጩና ጠንከር ያለው፣ ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ጠብታውን ይይዛል። የቲነርን፣ የቀለም ማቅጠኛውን፣ ትነት ግን አይዝም፤ ትነት ጠብታ አይደለም፣ ጋዝ ነው። ቲነር የምትጠቀም ከሆነ የሚያስፈልግህ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን፣ ሁለት ማጣሪያ የሚታሰርበት የጎማ ማስክ ነው። የአውሮፓ ሥሪት ከሆነ ማጣሪያው ላይ ቡናማ መስመርና «ኤ» የሚል ፊደል ታያለህ። የአሜሪካው ጥቁር መስመር አለው። ከሱ ፊት የጠብታ ማጣሪያ ይደረብበታል። ያለ እሱ ጉሙ ያልፋል።

ስታደርገው ማጣሪያዎቹን በመዳፍህ ሸፍነህ አየር ወደ ውስጥ ሳብ። ማስኩ ፊትህ ላይ ከተጣበቀ ገጥሟል። በጉንጭህ በኩል አየር ከገባ አልገጠመም። ጢም ካለህ አይገጥምም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ማስኩን አድርገህ ቲነር ከሸተተህ ወይ ማጣሪያው አልቆለታል፣ ወይ ማስኩ ክፍት አለው። ሌላም ልንገርህ። ሥራ ስትጨርስ ማጣሪያውን ግድግዳ ላይ አትስቀለው። የተሰቀለ ማጣሪያ የሼዱን አየር ሌሊቱን ሙሉ ይጠጣል፣ ጠዋት ስትመጣ አቅሙ ቀንሷል። ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ወይ አፉ በሚታሸግ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጠው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ለእነሱም ማስክ ልግዛላቸው? አይሆንም።

ማስክ ሥራውን የመረጠ ሰው፣ ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት የሚያደርገው ነገር ነው። ያቺ እህት ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ በጎማ ማስክ ታፍና ልትሰፋ አትችልም። ልታደርገውስ ለምን ይገባታል? ቀለሙ የእሷ አይደለም፣ ገንዘቡም የእሷ አይደለም። በጋራ ቤት ውስጥ መጀመሪያ መገዛት ያለበት የአንተን አየር ከእነሱ አየር የሚለየው ነገር ነው። ማስኩ ሁለተኛ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ማስኩን ያጠልቃል፣ «እኔ ተጠንቅቄያለሁ» ይላል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ባዶ አፍንጫዋን ተቀምጣለች።

በተለይ ነፍሰ ጡሯ ቲነር በሚረጭበት ቤት ውስጥ መቀመጥ የለባትም። ቲነር ውስጥ ብዙ ጊዜ ቶሉይን የሚባል ፈሳሽ አለ። እናት የተነፈሰችው ወደ ጽንሱ ይሻገራል። ራሷን እንደሚያማት ክትትል በምታደርግበት ጤና ጣቢያ ትንገራቸው። አንተም መላውን እስክታገኝ ድረስ ቲነር ያለበትን ሥራ እዚያ ቤት ውስጥ አቁም። ለጥቂት ጊዜ ገበያህ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ይቀዝቅዝ።

መላው ከቀለሙ ይጀምራል። ለኤርብራሽ የተሠራ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ አለ። አንበሳውም፣ ነበልባሉም፣ ጥቅሱም በእሱ ይሠራል። መጨረሻ ላይ የሚለበጠው ክሊር፣ ያ የሚያበራው ቀለም አልባ ልባስ፣ ነው ችግሩ፤ እሱ በውሃ አይሆንልህም። ክሊሩን ኦቨን (የመኪና ቀለም መርጫና ማድረቂያ ክፍል) ወዳለው ጋራዥ ውሰድና አስረጭ። ክፍያውን ዋጋህ ላይ ጨምር። ደንበኛህ ክሊሩ ሲያበራ ሲያይ አይከራከርህም።

ሄልሜት ላይ ጣልቃ ልግባ። ብዙ ሄልሜት ከፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ቲነርና ቲነር ያለበት ቀለም ያን ፕላስቲክ ሊያደክመው ይችላል። ከላይ ሲያዩት ምንም አይመስልም፣ ሲወድቁበት ግን ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው አምራቾቹ ቀለም አትቀቡት የሚሉት። እኔ ብሆን ሄልሜት አልቀበልም ነበር። ታንከርና ባጃጅ ይበቃሃል።

ወደ አየሩ እንመለስ። በውሃ ቀለም ስትሠራም ጉሙ አለ። ስለዚህ ሳጥን ሥራ። በሦስት ጎንና በላይ የተዘጋ፣ ከፊት ብቻ የተከፈተ ይሁን። ከበስተጀርባው ማጣሪያ፣ ከማጣሪያው ጀርባ ወደ ውጭ የሚስብ ቬንትሌተር፣ ከሱ ቀጥሎ አጭርና ያልተጠማዘዘ ቱቦ። ቱቦው ከሼዱ ውጭ ይውጣ፤ የጎረቤት በር ፊት ግን አይሁን። የቬንትሌተሩን ጉልበት እንዲህ አስላው። በሳጥኑ አፍ ላይ አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። አፉ 60 ሳንቲ ሜትር በ50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.3 ካሬ ሜትር ነው። በግማሽ ሜትር ስታባዛው በሰከንድ 0.15 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 540 ሜትር ኩብ ይመጣል። ቬንትሌተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ሳይገጠምበት የተለካ ነው። ማጣሪያና ቱቦ ሲገጠምበት ይወርዳል። ስለዚህ ከ540 አልፎ የሚሄደውን ግዛ።

ከዚያ ፈትነው። ቲነርም ቀለምም ሳይከፈት በፊት አንድ ሰንደል ለኩስና ሳጥኑ አፍ ላይ ያዘው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባ ሠርቷል። ከተንከራተተ፣ ወይም ወደ ፊትህ ከመጣ ገና ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቬንትሌተሩ አይደለም። አየር የሚወጣበት ተሠርቶ የሚገባበት ተረስቶ ነው። ከበስተጀርባህ ያለውን በር ወይም መስኮት ክፈት፣ ጭሱ ሲታዘዝ ታያለህ። ማጣሪያው በቀለም ሲደፈን ነፋሱ ይሞታል፤ ሰንደሉን በየጊዜው መልሰህ ለኩስ።

ይህ ሳጥን የውሃ ቀለም ሳጥን ነው። ቲነር እንዳትረጭበት። የተራ ቬንትሌተር ሞተር ብልጭታ ሊያወጣ ይችላል፤ የቲነር ትነት ደግሞ ብልጭታ ነው የሚፈልገው።

ስለ በያጆቹ ልጆች አልጠየቅከኝም። እኔን ግን ከሁሉ ያስፈራኝ የብየዳው ብልጭታና የቲነሩ ትነት አንድ ቤት መዋላቸው ነው። ቲነር ውስጥ ሊኖር የሚችለው አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ቶሉይን 4 ዲግሪ ገደማ ላይ። የሐዋሳ ቀን ከዚህ በእጅጉ ይሞቃል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ የቶሉይን ሦስት እጥፍ ያህል። ወደ ጣሪያ አይወጣም። መሬት ለመሬት እንደ ውሃ እየፈሰሰ ሄዶ ብየዳው ሥር ይተኛል። ላይኛው መስኮት ተከፍቷል ብለህ አትጽናና። መርጫህን ስታጥብም ቲነሩን አየር ላይ አትርጨው፤ ክዳን ያለው የማጠቢያ ዕቃ አለ፣ እሱ ውስጥ ርጨው። የቲነር ጣሳም ያለ ክዳን አይቀመጥ። ከልጆቹ ጋር ሰዓት ተከፋፈሉ፤ ቲነር ሲከፈት ብየዳና ግራይንደር ይቆማል። ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ቡናም አለ መቼም። እህቶቹ ከሰል አቀጣጥለው ጀበና ይጥዳሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ። ቡና አይቅር፣ እኔም ቡና የሚያስቀር ምክር አልሰጥም። ደጅ ይፈላ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ ማምረቻ ተቀጥሬ የኪችን ካቢኔት እቀባለሁ። ቀለሙ ከሃርድነር ጋር የሚደባለቅ ነው። ቦታውን ለብዙ ሰው ነው የምንጋራው፤ አናጺዎቹ አጠገቤ ናቸው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማታ ማታ ያስለኛል፣ ደረቴን ይጨምቀኛል። እሑድ ይሻለኛል። አለቃዬ «ሃርድነሩ ሽታ እንኳ የለውም፣ ብርድ መትቶህ ነው» አለኝ። — ተ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ብርድ እሑድን አያውቅም። በሥራ ቀን የሚነሳ፣ በዕረፍት ቀን የሚተኛ ሳል ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው ብለህ ጠርጥር። ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ዛሬ ነገ አትበል። ስትሄድ «ያስለኛል» ብቻ ብለህ አትመለስ። ምን እንደምትሠራ ንገረው። የሃርድነሩን ጣሳ ጽሑፍ በስልክህ ፎቶ አንስተህ አሳየው።

ሃርድነሩ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አይሶሳያኔት ይባላል። የፖሊዩሬቴን ቀለምን የሚያጠነክረው እሱ ነው። መኪና ክሊር ላይም ያው ነው። በሙያ ምክንያት ከሚመጣ አስም ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ እንደሆነ በብዙ አገር የታወቀ ነው። አለቃህ «ሽታ የለውም» ያለው ልክ ነው፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። ቲነር ሲበዛ ይሸትሃል፣ ትሸሻለህ። ይህኛው በሚጎዳ መጠን አየር ላይ እያለ አፍንጫህ አይነግርህም። ማጣሪያህ ሲያልቅም ከሽታው አታውቅም። ስለዚህ ለዚህ ቀለም ትክክለኛው መሣሪያ ከሌላ ቦታ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ማስክ ነው። ቦታውም የራሱ መሳቢያ ያለው፣ የተለየ ክፍል መሆን አለበት። አናጺዎቹ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም ሥራ የላቸውም።

ሌላው ክፉ ጠባዩ ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት በኋላ አለመርሳቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ትነት እንኳ ደረትን ይዘጋል። አብሮኝ የሠራ አንድ ጎበዝ ቀቢ ነበር፤ እንደ መስታወት ነበር የሚያወጣው። መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ክሊር ሲረጭ በር ላይ መቆም አቃተው። ሙያውን ትቶ አሁን ሱቅ ነው ያለው። በጊዜ ስለወጣ ደኅና ነው። ሐኪሙ ከዚህ ሥራ ራቅ ካለህ አትከራከረው። ከዚያው ድርጅት ሳትወጣ ወደ መገጣጠም ወይም ወደ ልኬት መዛወር ትችል ይሆናል፤ ጠይቅ።

ሕጉም ካንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ መሣሪያም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መሣሪያ እንዲጠቀም ግዴታ አለበት፤ ማስኩን ግንባር ላይ መስቀል መጠቀም አይደለም። መጀመሪያ ከአለቃህ ጋር ቁጭ ብለህ ተነጋገር። የሐኪሙን ወረቀት ይዘህ ከሆነ ንግግሩ ይቀላል። ካልሰማህ የሥራና ክህሎት ቢሮ ይህን የሚቆጣጠር ክፍል አለው።

ጥያቄ፦ የሥዕል ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ ስቱዲዮና አንድ ኮምፕሬሰር እንጋራለን። ኤርብራሹ መርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ቶሎ እየደረቀ ያስቸግረኛል። ጓደኛዬ ግፊቱን ወደ 4 ባር ከፍ ሲያደርገው ለጊዜው ይከፈታል። ደግሞ የቱቦ ካድሚየም ቀይ አቅጥኜ መርጨት እችላለሁ? — ሜ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። አትችዪም። ካድሚየም በብሩሽ ሲቀባ ሌላ፣ ተረጭቶ ሲተነፈስ ሌላ ነው። ሲተነፈስ ካንሰር ያመጣል። ብዙ አምራቾች ቱቦው ላይ «አይረጭ» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። በስም ካድሚየም ተብሎ ካድሚየም የሌለበት ቀይ ይሸጣል፤ ጽሑፉን አንብቢና እሱን ግዢ። ምንነቱ የማይታወቅ ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ የፋብሪካ ቀለምም አትርጪ፤ እርሳስ ያለበት ሊሆን ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታ ወስናለች። የቆየ ጣሳ ግን ደንቡን አያውቅም።

ወደ መርፌሽ ስንመጣ፣ ጥፋቱ ግማሹ የአዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃም ቲነርም ቶሎ ይተናል። በበጋ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ የውጭ ሰው በቪዲዮ የሚያሳይሽ አቀጣጠን እዚህ አይሠራም። ቀለሙን ከሱ ይልቅ አቅጥኚው፣ መድረቁን የሚያዘገየውን ፈሳሽ ጠብ አድርጊበት፣ መርፌውን በረጠበ ብሩሽ ጥረጊ። ግፊቱን ወደ 4 ባር ማውጣት መድኃኒት አይደለም። ኤርብራሽ ከ1 እስከ 2 ባር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙ ሸራው ላይ ነጥሮ ወደ ጓደኞችሽ አፍንጫ ነው የሚሄደው።

ኮምፕሬሰሩን ካነሳሽ ዘንድ፣ ከታንኩ ሥር ያለችውን ቧንቧ በሠራችሁ ቁጥር ክፈቱና ውሃውን አፍስሱ። ክረምት ላይ የሚወጣው ውሃ ያስገርምሻል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ከወጣ ታንኩ ከውስጥ እየዛገ ነው፤ ለባለሙያ ሳይታይ አይነሳ። የዛገ ታንክ ከተቀደደ እንደ ቦምብ ነው። ሴፍቲ ቫልቩ ቢያፏጭም በምንም ምክንያት እንዳይደፈን። ጎሚስታ ቤት የተደፈነ አይቻለሁ፤ እግሬ አውጪኝ ነው ያልኩት። ደግሞ በአየሩ ልብሳችሁን አታራግፉ፣ ለቀልድም ሰው ላይ አታዙሩት። የታመቀ አየር ቆዳ ሰብሮ ይገባል። ዓይንና ጆሮንማ አልናገርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ወርሃዊ ክፍያ እየከፈልኩ የጋራ ወርክሾፕ ገብቻለሁ። ኤርብራሼን ከማምጣቴ በፊት የእያንዳንዱን ቀለም «ሴፍቲ ዳታ ሺት» አምጣ አሉኝ። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው? — ዳ. ከሜሪላንድ

መልስ፦ ጣጣ አይደለም ወንድሜ፣ ታድለሃል። አምራቹ የሚያወጣው 16 ክፍል ያለው ወረቀት ነው። ድረ ገጹ ላይ በነጻ ታገኘዋለህ። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብህም። 2ኛው ክፍል ምን እንደሚጎዳ፣ 8ኛው ምን ማስክና ጓንት እንደሚያስፈልግ፣ 9ኛው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቀጣጠል ይነግርሃል። እዚህ አገር ያላችሁም በስልካችሁ ፈልጉት። ቀለም ሻጭ «ጉዳት የለውም» ሲላችሁ ወረቀቱን አሳየኝ በሉት።

ጥያቄ፦ ኬክ እጋግራለሁ። ወንድሜ የቤት ዕቃ የሚቀባበት ትንሽ ኤርብራሽና ኮምፕሬሰር አለው። በደንብ አጥቤ ለኬክ ቀለም ልጠቀምበት? — ሰ. ከቢሾፍቱ

መልስ፦ መርጫውን በጭራሽ። መርፌው ዙሪያ ያለችው ላስቲክ የጠጣችውን ቲነር ስታጥቢያት አትለቅም። የራስሽን ግዢ፣ በምግብ ቀለም ብቻ ተጠቀሚበት፣ ስምሽን ጻፊበት። ኮምፕሬሰሩም ዘይት የሚሞላበት ዓይነት ከሆነ የዘይት ጉም ከአየሩ ጋር ስለሚወጣ ለምግብ አይሆንም። ዘይት የሌለው ትንሽ አለ። ወንድምሽ ቀለም በሚረጭበት ክፍል ውስጥ ኬክ አታስጊጪ፤ ይህን እንኳ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ በተልባ ዘይት ጠረጴዛ እናሻለን። አንዱ ጓደኛችን የተነከረው ጨርቅ በራሱ ይነዳል ይላል። እየቀለደ ነው? — የአናጺዎች ማኅበር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አልቀለደም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተዘረጋ ሙቀቱ ይበተናል። ተጨማድዶ ከተከመረ ሙቀቱ መሃሉ ላይ ይጠራቀምና ክብሪት ሳያየው ከሰዓታት በኋላ ይነዳል፤ ብዙ ጊዜ እናንተ ቤት ገብታችሁ ስትተኙ። የቡና ገለባና የእንጨት ፍቅፋቂ አጠገቡ ካለማ አለቀ። ጨርቁን ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ንከሩት። ወይም ደጅ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ዘርጉትና ጠንክሮ እስኪደርቅ ጠብቁ። ማታ ሼዱን የሚዘጋው ሰው ጣሳውን ሳያይ ቁልፍ አይቆልፍ።